የሚረሳ ረዳት፣ የሚጻፍ ማስታወሻ፦ የኮድ ረዳቶች ትውስታ ከሰንበቴ ገበያ ሲታይ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት እየታገዘ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት ችግር አለ። ቀኑን ሙሉ አብሮት ሲሠራ የዋለው ረዳት በማግስቱ ሲከፈት የትናንቱን አንዳች አያውቅም። የትኛው መንገድ ተሞክሮ እንዳልሠራ፣ የትኛው ፋይል እንዳይነካ እንደተነገረው፣ አንዱ ላይብረሪ ተትቶ ሌላው ለምን እንደተመረጠ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይነገረዋል። ካልተነገረው ደግሞ ትናንት የወደቀውን መፍትሔ ዛሬ በሙሉ ልብ መልሶ ያቀርበዋል።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። የቋንቋ ሞዴሉ የሚያውቀው በሥልጠናው ጊዜ ያገኘውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተጠቃሚ ጋር የሚለዋወጠው ነገር ሞዴሉ ውስጥ አይቀርም። በአንድ ውይይት መካከል የሚያስታውስ የሚመስለን፣ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ መልእክት እስካሁን የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ ስለሚልክለት ነው። ውይይቱ ሲዘጋ የሚላከው ጽሑፍ ያበቃል። እንግዲህ ለረዳት ትውስታ መስጠት ማለት ሥራ ሲጀምር ምን እንደሚነበብለት መወሰን ነው። ያንን ጽሑፍ ማን ይጻፈው? የት ይቀመጥ? ምን ያህል ይርዘም? ሲያረጅ ማን ይሰርዘው? ባለፉት ጥቂት ዓመታት የቀረቡት መፍትሔዎች በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

መልሶቹን ከመመዘን በፊት የሚመዘኑበትን ሥራ ማየት ይበጃል። ሰንበቴን ልውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ገበያዋ እሑድ ይቆማል፤ የባቲው ሰኞ። ከአፋር ቆላ የሚወጣው ግመልና ፍየል ከደጋው እህል ጋር ይገናኛል፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ። እዚህ ለሚነግዱ ባለ ሱቆች የዱቤና የሽያጭ መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ወጣት እናስብ። ረዳቱን ምን ሊነግረው ይገባል?

መጀመሪያ ቀኑን። ዓመቱ 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ትሆናለች፤ አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል። በዞኑ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ ዱቤ «ለዒድ እከፍላለሁ» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል፤ የጨረቃው አቆጣጠር ሦስተኛ ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ከዚያ ሰዓቱ አለ። ነጋዴው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ሲያስገባ ያልተነገረው ረዳት ሌሊት ላይ ያስቀምጠዋል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት በእያንዳንዱ ግብይት ላይ ይገባል። የሚበጀው ውሳኔ በዳታቤዝ ውስጥ አንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይዞ መቀየሩን ለሰው በሚታይበት ገጽ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ይህ ውሳኔ ግን በአንድ ቦታ ካልተጻፈ ረዳቱ ከሳምንት በኋላ አዲስ ገጽ ሲሠራ ቅየራውን ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባዋል፤ ግማሹ መዝገብ በአንድ አቆጣጠር፣ ግማሹ በሌላ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጉዳት በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ነው፣ የትኛው መስመር የትኛው እንደሆነ የሚናገር ምልክት አይኖርምና።

ስሙም ቀላል አይደለም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምራል ብሎ የሚያጣራ ኮድ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመጡትን የ07 ደንበኞች በር ላይ ይመልሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ጽሕፈቱ ነው። የልዩ ዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ደንበኛ በአንዱ ሱቅ በቁቤ፣ በሌላው በግዕዝ ፊደል ይመዘገባል፤ በግዕዝ ፊደሉም መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በቁቤ የአናባቢ መደራረብ ትርጉም ይለያል፤ ተደጋጋሚ ፊደልን «የአጻጻፍ ስሕተት» ብሎ የሚያጠፋ ኮድ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋቸዋል። በቃል መካከል የምትገባዋን ሁዻ የምትባል ጭረት (') ደግሞ ስም «የሚያጸዳ» ኮድ እንደ ቆሻሻ ሊጠርጋት ይችላል።

እነዚህን ሁሉ የዘረዘርሁት ስለ ትውስታ ያለኝ አቋም ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ረዳቱ ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ከማናችንም በላይ ያነበበ ነው፤ ያንን ማስታወስ አያስፈልገውም። ኮዱ ምን እንደሚሠራም ፋይሎቹን ከፍቶ ያነባል። የሚጎድለው ኮዱ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ነው። ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ፕሮግራም ማለት በጸሐፊዎቹ አእምሮ የሚገነባ ግንዛቤ እንደሆነ፣ ያንን ግንዛቤ የያዙት ሰዎች ሲበተኑ ኮዱ ቢቀርም ፕሮግራሙ እንደሚሞት ተከራክሮ ነበር። በአገራችን በፕሮጀክት ገንዘብ ተሠርተው ባለሙያው ሲለቅ የቆሙትን የመሥሪያ ቤት ሲስተሞች ያየ ሰው ይህን አባባል በምሳሌ ለማስረዳት አይቸገርም። ትውስታ የሌለው ረዳት ይህን መበተን በየማታው ይደግመዋል።

አሁን ወደ መልሶቹ። በጣም ቀላሉና ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፕሮግራመሩ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ ረዳቱ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ እርሱን ያነባል። ከርሰር የተባለው የኮድ መጻፊያ የደንብ ፋይሎችን በዚህ መንገድ አስለመደ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የቀረበው ክሎድ ኮድ የተባለው ረዳት «ክሎድ.ኤምዲ» የሚባል ፋይል ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት «ኤጀንትስ.ኤምዲ» የተባለ፣ በተለያዩ ድርጅቶች ረዳቶች ዘንድ የሚሠራ የጋራ ስም ተስፋፋ፤ በዲሴምበር 2025 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ለተቋቋመ አካል ተላልፎ ተሰጠ። ፋይሉ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ ሰው ይከፍተዋል፣ ያርመዋል፣ የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው በጊት ከኮዱ ጋር ይቀመጣል፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይታወቃል። ረዳቱን ነገ በሌላ ድርጅት ረዳት ብንተካው ማስታወሻው ይተርፋል።

ሁለተኛው በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የሚቀመጥ ትውስታ ነው። ኦፕንኤአይ ይህን ለቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አስተዋወቀ፤ በኤፕሪል 2025 ያለፉ ውይይቶችን ሁሉ እንዲያመሳክር አሰፋው። ለጠቅላላ ጭውውት ይመቻል። ለኮድ ሥራ ግን አልመርጠውም፤ ትውስታው ከሰውየው አካውንት ጋር እንጂ ከፕሮጀክቱ ጋር አይሄድም፣ የሥራ ባልደረባም አያየውም።

ሦስተኛው ሰፊ ቤተሰብ ነው፦ ረዳቱ ራሱ እየጻፈ የሚያከማችበት፣ በኋላም ፈልጎ የሚያወጣበት ማከማቻ። የዚህ ሐሳብ ሥሮች በሁለት የ2023 ጥናቶች በግልጽ ይታያሉ። የስታንፎርድና የጉግል ተመራማሪዎች በኤፕሪል ባወጡት ሥራ 25 ምናባዊ ገጸ ባሕርያት በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸው ያዩትን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ከመዝገቡ የሚወጣው በሦስት መለኪያ፣ ማለትም በቅርብነቱ፣ በክብደቱና ከጉዳዩ ጋር ባለው ዝምድና ይመረጣል። በኦክቶበር ደግሞ የበርክሊ ተመራማሪዎች ሜምጂፒቲን አቀረቡ። ኮምፒውተር ጠባብ ራሙን ከሰፊ ዲስኩ ጋር እያለዋወጠ እንደሚሠራ ሁሉ ሞዴሉም በፊቱ ያለውን ውስን ጽሑፍ ከውጭ ማከማቻ ጋር ራሱ እንዲያለዋውጥ አደረጉት። ሥራው በኋላ ሌታ የሚባል ድርጅት ሆነ።

የክሎድ ባለቤት አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን፣ ረዳቶችን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የማገናኛ ስልት ይፋ ሲያደርግ ይህ ሁሉ ወደ ተራ ተጠቃሚው ላፕቶፕ ወረደ። ከምሳሌ አገልጋዮቹ አንዱ ራሱ የትውስታ አገልጋይ ነው፤ ነገሮችንና ዝምድናቸውን በአንድ የጽሑፍ ፋይል በማሽኑ ላይ ይመዘግባል። ከዚያ ወዲህ ኤስኪውላይት በሚባለው አነስተኛ ዳታቤዝ ላይ የተሠሩ፣ በቬክተር የሚፈልጉ፣ በግራፍ የሚያያይዙ በርካታ ተመሳሳይ መሣሪያዎች ወጥተዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚታይ እንቅፋት አለ፤ በውጭ በሚጻፉት ንጽጽሮች ውስጥ ስለማይነሳ ላብራራው። ማስታወሻው በአማርኛ ከተጻፈ ፍለጋው ይሰናከላል። «ሠራተኛ» ብሎ ያስቀመጠውን «ሰራተኛ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። መፍትሔው ከማከማቸት በፊት ሞክሼ ፊደሎችን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ማምጣት ነው። ቅጥያውም ያስቸግራል፤ «ዱቤ»ን በጅማሬ የሚፈልግ ስልት «ዱቤው»ን ያገኛል፣ «የዱቤ»ንና «በዱቤ»ን ግን ያጣል። ኤስኪውላይት በሦስት ሦስት ሆሄ እየከፋፈለ በቃል መካከል የሚፈልግበት ዘዴ አለው፤ ለላቲን ፊደል ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሦስት ሆሄ ያነሰ ቃል ሲጠየቅ ምንም አያመጣም፤ «ዱቤ» ደግሞ ሁለት ሆሄ ናት። ሆሄያችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ እጅግ ብዙ የዕለት ቃላችን እንዲህ አጭር ነው። ጨው፣ ቡና፣ ዋጋ፣ ዕዳ፣ ሱቅ፣ ቀን፤ የገበያ መዝገብ ዋና ዋና ቃላት ከዚህ ዘዴ ውጭ ይቀራሉ።

የተራቀቀው ማከማቻ ይህ ሁሉ ድካም ይገባዋል ወይ? እስካሁን ያለው ማስረጃ አያበረታታም። የትውስታ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳደሩት ሎኮሞ በሚባል የረጅም ጭውውት ፈተና ነው። ሌታ በኦገስት 2025 ባወጣው ውጤት፣ ተራ ፋይሎችን የሚከፍትና የሚፈልግ ረዳት በትንሽ ሞዴል 74.0 በመቶ አገኘ፤ ሜምዜሮ ለተባለው መሣሪያ የግራፍ ዓይነት ባለቤቶቹ የዘገቡት 68.5 ነበር። ሌታ ራሱ በገበያው ያለ ተወዳዳሪ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ እወስደዋለሁ፤ ፈተናውም ስለ ሰዎች ጭውውት እንጂ ስለ ኮድ አይደለም። የሚያሳየው ግን አለ፤ ሞዴሎቹ ፋይል መክፈትና ቃል መፈለግ በደንብ ተምረዋል፣ አዲስ ማከማቻ ግን በየጊዜው ሊብራራላቸው ይገባል።

ከኮድ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ማስረጃ በ2026 መጀመሪያ ከዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣው ጥናት ነው። የፕሮጀክት ማስታወሻ ፋይሎች ረዳቶቹን በእርግጥ ይረዱ እንደሆነ ፈተሹ። በሞዴሉ በራሱ የተጻፉት ፋይሎች ውጤቱን ሳያሻሽሉ ወጪውን ከ20 በመቶ በላይ አናሩት፤ ሰው የጻፋቸው ግን በመጠኑ ረዱ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሞዴሉ የሚጽፈው ማስታወሻ ከኮዱ አንብቦ ያገኘውን መልሶ የሚናገር ነው፤ ረዳቱ ያለ ማስታወሻውም ያገኘው ነበር። ባለ ሱቁ ዱቤን በዒድ እንደሚቆጥር የሚያውቀው ግን ሰንበቴ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ርዝመትም ይቆጠራል። ተመራማሪው ኔልሰን ሊዩና ባልደረቦቹ በ2023 እንዳሳዩት ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን በደንብ ይጠቀማሉ፣ መካከል ላይ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎቹ በአንድ ጊዜ የሚያነቡት መጠን እጅግ ቢሰፋም ጽሑፍ በበዛ ቁጥር ትኩረት መሳሳቱ አልጠፋም። ለእኛ ደግሞ ሌላ ሸክም ይታከላል። የላቲን ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ (ዩቲኤፍ-8) አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚከፋፍሉባቸው ቶክኖችም በዋናነት ከእንግሊዝኛ የተቀመሩ ናቸው። በ2023 ተመራማሪው አሌክሳንዳር ፔትሮቭና ባልደረቦቹ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በተለያዩ ቋንቋዎች ሲከፋፈል ልዩነቱ እስከ 15 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ማስታወሻ ፋይል በየሥራው መጀመሪያ ስለሚላክ ይህ ልዩነት በየቀኑ ይከፈላል፤ በዶላር ለሚከፈል አገልግሎት ብር ይዞ ለሚቸገር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

በአማርኛ መጻፍ ይቅር ማለቴ አይደለም። ደንቡ በአጭር እንግሊዝኛ ተጽፎ ምሳሌዎቹ፣ የወራቱ ስሞች፣ ለነጋዴው የሚታዩት ቃላትና የስም አጻጻፎቹ በግዕዝ ፊደልና በቁቤ እንዳሉ ቢቀመጡ ወጪውም ይቀንሳል፣ ረዳቱም ከራሱ አማርኛ ከመፍጠር ይድናል። እንዲህ ላለ ፋይል አንድ ገጽ ከበቂ በላይ ነው።

«በማሽኔ ላይ ነው ያለው» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያዘናጋል። ፋይሉ በላፕቶፑ ላይ ቢቀመጥም ሞዴሉ በውጭ አገር አገልጋይ ላይ እስከሆነ ድረስ በየሥራው መጀመሪያ ተነብቦ ይላካል። ስለዚህ በማስታወሻው ውስጥ የደንበኛ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የዱቤ መጠን፣ የቴሌብር ቁልፍ ወይም የይለፍ ቃል አይግባ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ ከአገር ማስወጣትን በሁኔታዎች አስሮታል፤ ሰው ሳይታወቀው ይህን የሚያደርገው ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ባለው ተራ ፋይል ነው። ረዳቱ ራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ ይበልጥ ያሰጋኛል፤ አንድን ስሕተት ሲያርም ያየውን የእውነተኛ ደንበኛ መስመር እንደ ምሳሌ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ፋይሉም በጊት ከገባ ቢሰረዝ እንኳ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል።

ሙሉ በሙሉ በራስ ማሽን ላይ መሥራትም ይቻላል። ላማ.ሲፒፒ የተባለው ፕሮግራም በማርች 2023 ከወጣ ወዲህ ክፍት ሞዴሎችን በተራ ኮምፒውተር ማስኬድ ተለምዷል። ባለ 7 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል በ4 ቢት ሲጨመቅ ከ4 እስከ 5 ጊጋባይት ይይዛል፤ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ በዝግታ ይሠራል። አማርኛው ደካማ ነው፣ ረጅም ማስታወሻም ይከብደዋል። ሆኖም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ላስታወሰ ሰው ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይሆንም። ተራው ፋይልም እዚህ ጥቅሙ ይጎላል፤ ረዳት ባይኖር እንኳ ፕሮግራመሩ ራሱ ከፍቶ ያነበዋል።

የመጨረሻው አደጋ ትውስታው ራሱ ሲበላሽ ነው። ያረጀ ማስታወሻ ከባዶነት ይከፋል፤ ባዶ የሆነ ረዳት ቢያንስ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያረጀ ማስታወሻ ያለው ግን ሳይጠይቅ ይሠራል። «ስልክ በ09 ይጀምራል» የሚለው መስመር አንድ ቀን እውነት ነበር። ከእርጅና ሌላ ሆን ተብሎ የሚደረግም አለ። የደኅንነት ተመራማሪው ዮሐን ሬበርገር በሴፕቴምበር 2024 እንዳሳየው፣ በማይታመን ገጽ ላይ የተደበቀ ትእዛዝ ወደ ቻትጂፒቲ ቋሚ ትውስታ ሊገባና ከዚያ በኋላ በሚደረጉ ውይይቶች ሁሉ መረጃ ወደ ውጭ ሊያስወጣ ችሎ ነበር፤ ማስወጫው በኋላ ተዘግቷል። ረዳቱ የጻፈው ማስታወሻ እንደ ኮድ ሁሉ በሰው ታይቶ ካልጸደቀ አይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ መስመር የተጻፈበት ቀንና ምክንያት ይኑረው፤ ምክንያቱ ሲወድቅ መስመሩም ይሰረዛል።

ከዚህ ሁሉ ዳሰሳ በኋላ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ስለ ካላንደሩ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ሞክሼ ፊደሉና ስለ ቁቤው የጻፍሁት በሙሉ የሰንበቴው ልጅ ብቻ ችግር አይደለም። ኮምቦልቻም፣ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም ያለ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ለረዳቱ በየቀኑ ይህንኑ ይደጋግማል። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የመንግሥት ሥልጠና ከ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ብዙ ወጣቶችን ወደዚህ ሥራ አምጥቷል። አንድ የጋራ፣ ክፍት፣ በጊት የሚታረም የማስታወሻ ፋይል ማዘጋጀት ታላቅ በጀት አይጠይቅም። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የካላንደሩን ክፍል ቢጀምሩት፣ ከሚሴ ያሉ የአፋን ኦሮሞ መምህራን የስሞቹን ክፍል ቢያርሙት፣ ማንም በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ሊሠራበት ይችላል።

ሲጻፍም ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን መፈተኛ ይቀመጥለት። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። «ሠራተኛ» ሲፈለግ «ሰራተኛ» ይገኝ፣ «ዱቤ» ሲፈለግ «በዱቤ» ይገኝ። እንዲህ ያሉ አጫጭር መስመሮች ስለ አቆጣጠራችን ከሚጻፍ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅማሉ፤ ረዳቱ የጻፈውን ኮድ ለሰው ከማሳየቱ በፊት ራሱ ያስኬድባቸዋል፣ ሲወድቅም የት እንደወደቀ ያውቃል።